ለነካሹ ሌላ፣ ለደም መጣጩ ሌላ፦ የአልፓካና የላማ ቅማል እንዴት ይጠፋል?

ኮሎራዶ ውስጥ የበረዶው ወቅት ሲገፋ ለምሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ የሚደወለው ስልክ እርስ በርሱ ይመሳሰላል። "አልፓካዬ ሲታከክ አጥሩን ሊጥለው ነው።" "ጀርባው ላይ ጠጉሩ ተጎሳቁሏል።" "አንገቱን አዙሮ ጎኑን ሲነክስ ይውላል።" አንዳንዱ ደዋይ ደግሞ ማንንም ሳያማክር ከእርሻ ዕቃ መደብር አይቨርሜክቲን ገዝቶ፣ ወግቶ፣ ሳምንት ጠብቆ ነው የሚደውለው። "ወጋሁት፤ ጠብ የሚል ነገር የለም" ይላል። መድኃኒቱ የውሸት አይደለም፤ አወጋጉም ልክ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ሰውየው የትኛውን ቅማል ሊገድል እንደተነሳ ሳያውቅ መርፌ ማንሳቱ ነው።

የመንዝ ልጅ ነኝ። ያደግሁት መሐል ሜዳ አካባቢ፣ ከጠጉራቸው ባና ከሚሠራ በጎች ጋር ነው። በእንስሳት ጤና ረዳትነት ሠልጥኜ በወረዳ ደረጃ ስሠራ መርጫ ታንክ በጀርባዬ አዝዬ የበግ እከክ ዘመቻ ላይ ተሰልፌያለሁ። አሁን የምኖረው ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ነው። ከአንዲት የእንስሳት ሐኪም ጋር ከከተማው በስተምሥራቅ ያሉትን እርሻዎች እየዞርን እናክማለን። የሥራ ክፍፍላችን ግልጽ ነው፤ አንገት ይዤ የማቆመው እኔ፣ መርምራ የምታዝዘው እሷ፣ የእንስሳው ምራቅ የሚያርፈው ደግሞ እኔ ላይ።

የግመል ዘመዶች

አልፓካና ላማ የግመል ዘመዶች ናቸው። ሻኛ የላቸውም እንጂ የተሰነጠቀው የላይኛው ከንፈራቸው፣ የአንገታቸው ርዝመት፣ ሲናደዱ መትፋታቸው ሁሉ ግመልን ያስታውሳል። አገራቸው የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ነው። ሰው ካላመዳቸው 6,000 ዓመት አልፏል። ላማ ጓናኮ ከሚባለው የዱር እንስሳ፣ አልፓካ ደግሞ ቪኩኛ ከሚባለው እንደወጡ የዘር ምርመራ ያሳያል። ላማው ጭነት ተሸካሚ ነው፤ አልፓካው ጠጉሩ ተሸልቶ የሚፈተል። የዓለም አልፓካ አብዛኛው ዛሬም የሚኖረው በፔሩ፣ ብዙው ላማ ደግሞ በቦሊቪያ፣ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ በሆነ ብርዳማ ደጋ ላይ ነው።

ወደ አሜሪካ አልፓካ በብዛት መግባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ኮሎራዶ ደረቅ፣ ቀዝቃዛና ከፍ ያለ አገር ስለሆነ ተስማማቸው። ላማዎችን ብዙ ገበሬዎች በበግ መንጋ መካከል የሚያሰማሯቸው ኮዮቴ የሚባለውን የቀበሮ ዘመድ እንዲያባርሩላቸው ነው። አልፓካዎቹ ግን የሚረቡት ለጠጉራቸው ነው፤ ቅማል የባለቤቱን ኪስ የሚነካውም በዚሁ በኩል ነው። የታከከ፣ የተነከሰና የተቋጠረ ጠጉር ለፈትል አይሆንም፤ በዓመት አንዴ የሚሸለት ስለሆነም የተበላሸው ምርት የዓመቱ ምርት ነው።

ጠጉሩ ራሱ ለቅማል የተመቸ ቤት ነው። ከዓመቱ መጨረሻ ላይ፣ ሳይሸለት፣ ከቆዳው እስከ ጫፉ ጣት ከሚያስገባው በላይ ይረዝማል። ውስጡ ሞቃትና ጨለማ ነው፤ ፀሐይም ዝናብም አይደርስበትም። ስለዚህ ቅማሉ የሚበዛው ጠጉሩ በረዘመበት፣ ቀኑ ባጠረበትና እንስሶቹ ከብርዱ ሸሽተው በአንድ ጣሪያ ሥር በሚተፋፈጉበት ወቅት ነው። በጋ ሲገባና ሲሸለቱ ቁጥሩ ያሽቆለቁላል። ባለቤቱም "ለቀቀው" ብሎ ይረሳዋል። አልለቀቀውም፤ ጥቂቶቹ ቀጣዩን ክረምት እየጠበቁ ነው።

ሁለት ቅማል፣ ሁለት አመጋገብ

በአልፓካና በላማ ላይ የሚኖረው ቅማል ሁለት ወገን ነው። ሁለቱም ከሰሊጥ ፍሬ ያንሳሉ፤ ርዝመታቸው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው። ክንፍ የላቸውም፣ አይዘሉም፣ ሙሉ ዕድሜያቸውን የሚያሳልፉት እንስሳው ገላ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ነካሹ ነው፤ በሳይንሳዊ ስሙ ቦቪኮላ ብሬቪሴፕስ ይባላል። ራሱ ሰፊና ደፍጣጣ፣ ቀለሙ ነጣ ያለ ወይም ዳለቻ ነው። ደም አይጠጣም። ከቆዳ ላይ የሚረግፈውን ቅርፊትና እዥ እየለቃቀመ ይኖራል። የሚገኘውም በጀርባ አከርካሪ መስመር ግራና ቀኝ፣ በጭራው ሥር፣ በአንገትና በጎን ነው። እንስሳውን የሚያስመርረው በመንከሱና በመራመዱ ነው፤ ማሳከኩ ዕረፍት አይሰጥም።

ሁለተኛው ደም መጣጩ ነው፤ ወገኑ ማይክሮቶራሲየስ ይባላል። ራሱ ቀጭን፣ ሹልና ከሰውነቱ ጋር ሲመዛዘን በጣም ረዥም ነው። ደም ሲጠግብ ወደ ግራጫማ ሰማያዊ ይጠቁራል። በጭንቅላት፣ በአንገት፣ በጫንቃና በጎን ላይ ራሱን ቆዳው ውስጥ ቀብሮ ስለሚቆይ ብዙ አይንቀሳቀስም። ሲበዛ ደም ያሳንሳል። በተለይ ከእናቱ የተላለፈበት ግልገል ይገረጣል፣ ይከሳል፣ ከእኩዮቹ ወደኋላ ይቀራል።

ከዚሁ ከማይክሮቶራሲየስ ወገን አንዱ ዘር የሚኖረው የእኛ አገሯ ባለ አንድ ሻኛ ግመል ላይ ነው። የግመልና የላማ ቅድመ አያቶች ሰሜን አሜሪካ ላይ ከተለያዩ ከ10 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ አንዱ ዘር ወደ እስያና አፍሪካ፣ ሌላው ወደ አንዲስ ሄዷል። የአፋር ግመልና የፔሩ ላማ ዛሬም የሚያክካቸው አንድ ወገን ቅማል መሆኑ ለእኔ ከዝምድና መዝገብ አያንስም።

ባለቤቶች ሁልጊዜ የሚጠይቁትን አንድ ጥያቄ እዚህ ልመልስ። ይህ ቅማል ሰው ላይ አይተላለፍም፤ ውሻ፣ ፍየልና በግ ላይም ተራብቶ አይኖርም። ቅማል አስተናጋጁን መራጭ ነው። ከላማ ወደ አልፓካ፣ ከአልፓካም ወደ ላማ ግን ያለ ችግር ይሻገራል።

ጠጉር ገልጦ ማየት

ከሩቅ የሚታየው ምልክት ያሳስት ይሆናል። አልፓካ አቧራ ላይ መንከባለል ተፈጥሮው ነው፤ ስለተንከባለለ ብቻ ቅማል አለበት አይባልም። ትኩረት የሚያሻው እየደጋገመ አጥርና ግንድ ላይ ሲታከክ፣ በኋላ እግሩ ጎኑን ሲፎክት፣ ጠጉሩን በጥርሱ ሲነጭ፣ የጠጉሩ ጫፍ ተሰባብሮና ተቋጥሮ ሲታይ ነው።

አይተን የምናረጋግጠው እንዲህ ነው። እንስሳውን ከንፋስ ወደተከለለ ቦታ አስገብተን እኔ አንገቱን አቅፌ አቆማለሁ። ሐኪሟ ግንባሯ ላይ ባሰረችው መብራት ከጫንቃው ትጀምራለች። በሁለት አውራ ጣቶቿ ጠጉሩን እስከ ቆዳው ድረስ ለሁለት ትከፍለዋለች። ጥርት ያለው ቆዳ ሐምራዊ መስመር ሆኖ ይወጣል። በዚያች ቅጽበት ዓይን መነቀል የለበትም፤ ነካሹ ቅማል ብርሃን ሲያርፍበት ወደ ጨለማው ጠጉር ይሸሻልና። ትከፍታለች፣ ትቆያለች፣ ትለቃለች፤ አራት ጣት ወረድ ብላ እንደገና ትከፍታለች። ከጫንቃ እስከ ጭራ ሥር በአከርካሪው መስመር፣ ከዚያ አንገት፣ ከዚያ ጎንና ጭኑ። አንድ ቦታ ብቻ አይቶ "የለበትም" ማለት ከአንድ ጓዳ ተነስቶ ስለ ሰፈሩ እንደመመስከር ነው።

ጠጉሩ ውስጥ ብዙ ቆሻሻ አለ፦ የድርቆሽ ብናኝ፣ የሣር ፍሬ፣ ፎረፎር። አጠራጣሪ ነገር ሲገኝ ግልጽ ፕላስተር አጣብቀን እናነሳና ነጭ ወረቀት ላይ ለጥፈን በማጉያ መስታወት እናየዋለን። ብናኝ እግር የለውም። ቅጫሙ ደግሞ ከፎረፎር የሚለየው ከቆዳው አጠገብ በጠጉሩ ዘንግ ላይ ተጣብቆ፣ በጣት ቢጠረግም አልራገፍ በማለቱ ነው። የራሱን ቅርጽ እናያለን፤ ሰፊና ደፍጣጣ ነው ወይስ ቀጭንና ሹል? የሕክምናው መንገድ የሚወሰነው በዚህች ጥያቄ መልስ ነው። በመጨረሻ የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልበጥ አድርገን ውስጡን እናያለን። ቀላ ያለ ከሆነ ደህና ነው፤ ከነጣ ደሙ አንሷልና ነገሩ ከማሳከክ አልፏል። የደም ማነስ ግን ከጨጓራ ትልም ሊመጣ ስለሚችል በጠጡም ይመረመራል።

ቅማል ካልተገኘ ሌላ ነገር እንፈልጋለን። በዓይን የማይታዩ የእከክ ተባዮች በጆሮ፣ በሆድ፣ በእግር ጣቶች መካከልና በጭራ ሥር ቆዳውን ያሻክራሉ፣ ያወፍራሉ፤ እነሱን ለማግኘት ቆዳው በስለት ተፍቆ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ዚንክ የሚባለው ማዕድን ሲያንስም ቆዳ ይወፍራል፣ ይቀረፈፋል። ሦስቱም ከሩቅ "እከክ" ይመስላሉ። መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው።

መርፌው ለምን ሳይሠራ ይቀራል?

አይቨርሜክቲን የተባለውን መድኃኒት ኢትዮጵያዊ አንባቢ በሌላ ስሙ ያውቀዋል። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ለወንዝ ዳር ዕውርነት የሚታደለው መክቲዛን እሱ ነው። መነሻው ጃፓን ውስጥ ከአፈር የተገኘ ባክቴሪያ ነው። ሳቶሺ ኦሙራና ዊልያም ካምቤል ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ለእንስሳት ገበያ የቀረበው ለሰው ከመዋሉ ቀደም ብሎ ነው፤ ለሰው በነጻ መታደል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው።

መድኃኒቱ ከቆዳ ሥር ሲወጋ ወደ ደም ይገባል። ደም መጣጩ ቅማል ያንን ደም ሲጠጣ አብሮ ይጠጣውና ይሞታል። ነካሹ ግን ደም አይጠጣም። የሚበላው የሞተ ቅርፊት ስለሆነ ደሙ ውስጥ ያለው መድኃኒት አይደርሰውም፤ ቢደርሰውም ለመግደል የሚበቃ አይደለም። "ወጋሁት፣ አልተሻለውም" የሚለው ደዋይ ብዙውን ጊዜ እጁ ላይ ያለው ይኸኛው ነው። ለነካሹ የሚያስፈልገው ከውጭ፣ ገላው ላይ የሚያርፍ መድኃኒት ነው፤ እንደ ፐርሜትሪንና ሳይፍሉትሪን ያሉት። እነዚህ በኬንያ ደጋ ከሚመረተው ፓይሬትረም የተባለ አበባ ውስጥ የሚገኘውን መርዝ አስመስለው በፋብሪካ የተሠሩ ናቸው። ሲነኩት የነፍሳቱን ነርቭ ያሽመደምዳሉ፤ ስለዚህ ደም መጣጩንም ከነኩት አይምሩትም።

ጀርባ ላይ የሚፈስ መድኃኒት የተሠራው ለከብትና ለበግ ታስቦ ነው። የበግ ሱፍ ወዛም ነው፤ ቅባቱ መድኃኒቱን እየሳበ በቆዳው ላይ ያሰራጨዋል። የአልፓካ ጠጉር ያ ቅባት የለውም ማለት ይቻላል። ከላይ የፈሰሰው መድኃኒት ጠጉሩ ጫፍ ላይ ይደርቃል፤ ከሥር ያለው ቅማል ሽታውም አይደርሰው። ስለዚህ ሐኪሟ ጠጉሩን ልክ እንደ ምርመራው ጊዜ በጣቷ ከፍላ፣ መርፌ በሌለው ስሪንጅ በቀጥታ ቆዳው ላይ ጠብ ጠብ ታደርገዋለች፤ ከጫንቃ ጀምራ በአከርካሪው መስመር እስከ ጭራው ሥር፣ ቅማል በታየበት ሌላ ቦታም እንዲሁ። መጠኑ ለእንስሳው ክብደት ከታዘዘው አይጨምርም፤ የሚለየው የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ነው። ከሽለታ በኋላ ከሆነ ሥራው በግማሽ ይቀላል፤ መድኃኒቱም ያለ ከልካይ ቆዳው ላይ ያርፋል። ለዚህ ነው አቅም የሚፈቅድለት ሰው፣ ወቅቱ ከፈቀደ፣ መጀመሪያ እንዲሸልት የምንመክረው። በበረዶ መካከል መሸለት ግን እንስሳውን በብርድ መግደል ነው።

ሊታወሱ የሚገቡ ጥንቃቄዎች አሉ። በአሜሪካ ከእነዚህ መድኃኒቶች አብዛኞቹ ለአልፓካና ለላማ ተብለው የተፈቀዱ አይደሉም። ሐኪም ከሌላ እንስሳ መጠን ተነስቶ፣ በራሱ ኃላፊነት ነው የሚያዝዛቸው። የከብት መጠን በአንድ ኪሎ ክብደት 0.2 ሚሊ ግራም አይቨርሜክቲን ነው፤ ለአልፓካ ስንት እንደሚሆንና በስንት ቀን እንደሚደገም የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ክብደት በግምት አይሆንም፤ ያ ሁሉ ጠጉር የሳሳውን እንስሳ ወፍራም ያስመስለዋል። ፐርሜትሪን ለድመት መርዝ ነው፤ መድኃኒቱ ያልደረቀለት አልፓካ ያለበት ጋጥ ውስጥ የበረት ድመት መተኛት የለባትም። ለዓሣና ለንብም እንዲሁ አደገኛ ስለሆነ ትራፊው ወደ ቦይ አይደፋም። ጓንት ይደረጋል። እርጉዟንና ገና የተወለደውን በተመለከተ ሐኪም ሳይጠየቅ አይጀመርም።

ሌላው አይቨርሜክቲንን "ለማንኛውም" ብሎ የመውጋት ልማድ ነው። በምሥራቅ አሜሪካ ነጭ ጭራ ከሚባለው አጋዘን የሚተላለፍ፣ የአንጎልንና የአከርካሪን ነርቭ የሚያጠቃ ትል ስላለ ብዙ ባለቤቶች በየወሩ ይወጋሉ። በዚያ አገር ደም መጣጩ ቅማል ብርቅ ነው፤ ነካሹ ግን ሳይነካ ይኖራል። የዚያ ዋጋ ደግሞ ሌላ ቦታ ተከፍሏል። መርፌው በተደጋገመ ቁጥር የጨጓራ ትሎች መድኃኒቱን ለምደውታል። ኮሎራዶ ውስጥ ያንን የመውጋት ምክንያት ስለሌለን ቅማሉ ነካሹ መሆኑን ካየን መርፌውን አናነሳም።

ሁሉም፣ በአንድ ቀን

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ደወሉልኝ። የአገራችን ሰው ናቸው፤ ከአውሮራ ወጣ ብሎ ለልጅ ልጆቻቸው ብለው ትንሽ መሬት ላይ ስድስት አልፓካና አንዲት ላማ ያረባሉ። ከአልፓካዎቹ አንዷ ስትታከክ ሰንብታለች።

"እሷን ብቻ አክሙልኝ፤ የቀሩት ደህና ናቸው" አሉኝ።

"እትዬ፣ ሰባቱንም በአንድ ቀን ካላየናቸው ገንዘብዎን ነው የሚያባክኑት" አልኳቸው።

"ያቺንም ላማ? እኔ ደፍሬ አልጠጋት!"

"እኔ እይዛታለሁ።"

"እንግዲህ አንተ ታውቃለህ፤ ብትተፋብህ እኔ የለሁበትም።"

ተፋችብኝ። ሐኪሟ የላማዋን ጠጉር በጭራዋ ሥር ስትከፍተው ግን ነካሹ ቅማል ከየአቅጣጫው ሲራወጥ አየን። ላማዋ አንድም ቀን ስትታከክ አልታየችም። አንዳንዱ እንስሳ ቅማል ተሸክሞም ስሜቱን አያሳይም፤ ሌላው በጥቂቱም ይታወካል። ባለቤት የሚያየው የሚታከከውን ነው። የሚታከከውን ብቻ ብታክም ቅማሉ ከዝምተኛው ላይ ተመልሶ ይሞላዋል። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፦ አንድ ላይ ከተገኘ መንጋው ሁሉ ይታከማል፣ በአንድ ቀን ይታከማል፣ ያልታከመ አይለቀቅም።

ሌላው ደንብ ድጋሚው ነው። ቅጫምን መድኃኒቱ አይገድለውም፤ ልጣፉ ይከልለዋል። ዛሬ ትልልቆቹ ቢያልቁ ከሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ጠጉሩ ላይ የተጣበቀው ይፈለፈላል። የተፈለፈለው አድጎ እንቁላል ለመጣል ደግሞ ተጨማሪ ሳምንታት ይፈጅበታል። መካከል ላይ ያለችው ያቺ ክፍተት ናት የእኛ ዕድል፦ ከተፈለፈሉ በኋላ፣ ግን ሳይጥሉ በፊት። ስለዚህ ሕክምናው ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ይደገማል። ወረርሽኙ ከበረታ ሐኪሙ ሦስተኛ ዙር ይጨምራል። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ማሳከኩ ስለሚቀንስ ብዙ ሰው ሁለተኛውን ይዘለዋል፤ በሚቀጥለው ክረምት ያው ስልክ ይደወላል።

ከመንዝ የማውቀው

ይህንን ለመረዳት አልፓካ ማየት አላስፈለገኝም። አገር ቤት በበጎቻችን ላይ የነበረው ነገር አንድ ዓይነት ነው። የበግ ነካሽ ቅማልና ከበግ ደም የሚጠጣ ክንፍ የለሽ ዝንብ የሚያስከትሉት የቆዳ ጉዳት በቆዳ ንግዱ ውስጥም "እከክ" ተብሎ ይጠራል። ኢትዮጵያ በበግና በፍየል ቆዳ ስመ ጥር ናት፤ የሰላሌ በግ ቆዳ ለጓንት፣ የባቲ ፍየል ቆዳ ለጥንካሬው በዓለም ገበያ ይታወቃሉ። ቅማሉ የሚያስከትለው የቆዳ ቁጣ ግን በሕይወት ባለው በግ ላይ ብዙም አይታይም። ቆዳው ሞጆ ፋብሪካ ደርሶ ጠጉሩ ሲነሳለት ነው ጥቃቅን እብጠቶቹ እንደ ጉድ የሚወጡት። ገበሬው በጉን ሲሸጥ ደህና ነበር፤ ፋብሪካው ቆዳውን ሲያየው ውዳቂ ነው። ጉዳቱን የሚያየውና ጉዳቱን ሊያስቀረው የሚችለው ሰው የማይተዋወቁ ናቸው።

በዘመቻው ዲያዚኖን የተባለውን የተባይ መድኃኒት የምንረጨው ሁለት ጊዜ ነበር፤ በሁለት ሳምንት ልዩነት። የመጀመሪያው ቀን ሠልፍ ይሆናል፤ እረኛውም ሕፃኑም በጉን እየነዳ ይመጣል። ሁለተኛው ዙር ላይ ግን ሰዉ ይሳሳል። "ተረጭቶለታል እኮ" ይሉናል። ከመጣው መንጋ ጋር ያልመጣው የጎረቤት መንጋ በአንድ መስክ ይግጣል፤ አመሻሽ ላይ በጎቹ ተቀላቅለው ሲገቡ ልፋታችንም አብሮ ይቀላቀላል። እዚህ ኮሎራዶ ባለቤቱ ሀብታም፣ መድኃኒቱ ቅርብ፣ አጥሩ ጠንካራ ነው። ሁለተኛውን ዙር የመዝለሉ ፈተና ግን ያው ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል

መከላከል ከማከም ይረክሳል። ቅማል በራሱ በር ከፍቶ አይገባም፤ የሚመጣው በእንስሳ ወይም በዕቃ ላይ ተጭኖ ነው።

አዲስ የተገዛ አልፓካ ወይም ላማ ወደ መንጋው ከመቀላቀሉ በፊት ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ለብቻው ይቆይ። ለብቻው ሲባል በአጥር አፍንጫ ለአፍንጫ የማይደራረስበት ቦታ ማለት ነው። የመጣ ዕለትና ከመቀላቀሉ በፊት ጠጉሩ እየተገለጠ ይታይ፤ ከተገኘበት ሁለቱን ዙር እዚያው ይጨርስ። ለእርባታ ለጥቂት ቀን የተዋሱት ወንድ እንስሳም እንግዳ ነው፤ ሕጉ ለእሱም ይሠራል።

ከውድድር የተመለሰውም እንደ አዲስ ይቆጠር። ዴንቨር ከ1906 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየጥር ወሩ በሚካሄደው ትልቁ የከብት ትርዒት ላይ እንስሶች ከየግዛቱ ይገናኛሉ፤ ጊዜውም ቅማል የሚበዛበት ብርድ ነው። ብዙ ውድድሮች ላይ በመግቢያው የቆዳ ተባይ ፍተሻ አለ። ፍተሻው ግን ያንን የዝምተኛዋን ላማ ዓይነት ሊያልፈው ይችላል።

ሸላች ከእርሻ እርሻ ይዞራል፤ መቀሱ፣ ምንጣፉና ገመዱም አብረውት። ከመግባቱ በፊት ዕቃውን እንዲያጸዳ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጥሩ ሸላች ሳይጠየቅ ያደርገዋል። በእርሻው ውስጥም ንጹሑ መንጋ አስቀድሞ፣ ቅማል ያለበት መጨረሻ ይሸለት። የፊት ማሰሪያ፣ ብርድ ልብስና ብሩሽ ከታመመ ወደ ጤነኛ አይዋዋሱም። ቅማል ከእንስሳው ገላ ከወጣ ብዙ ስለማይቆይ፣ ቢበዛ ሁለት ሳምንት ገደማ ስለሆነ፣ ዕቃውን አጥቦ ማቆየት፣ ጋጡንም ጠርጎ ድርቆሽ መቀየር ይበቃል። ቤቱን በመርዝ መንከር አያስፈልግም።

ከሁሉ በላይ ግን ልማድ ነው። እንስሳው በማንኛውም ምክንያት ሲያዝ፣ ጥፍሩ ሲቆረጥም ሆነ ሲመዘን፣ ጫንቃው፣ አንገቱና የጭራው ሥር በጣት ተከፍሎ ይታይ። ጊዜ አይወስድም። በተለይ በመከር መጨረሻ፣ ብርዱ ሳይገባ ይታይ፤ ያኔ የሚገኙት ጥቂቶች ናቸው፤ ጥቂቱን ማጥፋት ቀላል ነው። መኖው የተመጣጠነ፣ ጋጡ ያልተጨናነቀ ይሁን። የከሳ፣ ያረጀና ትል ያለበት እንስሳ ላይ ቅማል እንደሚበረታ ሁላችንም እናውቃለን።

ለእትዬም ሆነ ለማንኛውም ባለቤት የምሰጠው ምክር ጠርሙሱን ከመክፈቱ በፊት ሁለተኛውን ቀን ካሌንደር ላይ እንዲጽፍ፣ በዚያ ቀን የሚይዝለትን ሰው ከአሁኑ እንዲለምን ነው። የመድኃኒቱ ዋጋ ከወጪው ትንሹ ነው። ትልቁ ወጪ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ መታከኩ ሲቆምና "ድኗል" የሚያሰኝ ሲመስል፣ ሁሉንም አንድ ባንድ እንደገና መያዝ ነው። ያንን ለመክፈል ያልቆረጠ ሰው የመጀመሪያውን ዙር ባይጀምረው ይሻላል፤ ግማሽ መንገድ የሄደ መድኃኒት የሚያደርገው ነገር ቢኖር ትልልቆቹን ገድሎ ቅጫሙን መተው ነውና።